ያልተገፈፈው በሬ

ከአንኮበር የወረድነው ሦስት ሰዎች ነን፤ አጎቴ ጋሼ ክፍሌ፣ አህያ ነጂው ጉተማ፣ እኔ ታደሰ። ቆላ የተቀበሉን ሁለት ናቸው፤ የአጎቴ የቆየ ወዳጅ ጋሼ ኑርዬና ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ። በአምስተኛው ቀን፣ በሬው የተቀበረበት ቦታ ላይ ስንቆም፣ ከእኛ ከአምስታችን ሌላ የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ ሙሄ ነበሩ። ሌላ ሰው አልነበረም። የሁሉንም ስም አስቀድሜ የጻፍኩት የምናገረው ነገር በእኔ ቃል ብቻ እንዳይቆም ነው። በመንገድ ላይ ከጻፍኳቸው ወረቀቶች ከፊሎቹ ጠፍተውብኛል፤ እንዴት እንደ ጠፉ በቦታው እነግራችኋለሁ።

ጊዜው ጣልያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ግንቦት ውስጥ ነው። የሄድነው በሬ ልናመጣ ነበር። በሬው ዳልቻ ይባላል፤ መልኩም ስሙም ያው ነው። ግማሹ የጋሼ ክፍሌ፣ ግማሹ የእህታቸው የእትዬ በላይነሽ ነበር። እትዬ በላይነሽ ባላቸው የሞተባቸው፣ አራት ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ናቸው፤ መሬታቸው የሚታረሰው ዳልቻና የጋሼ ክፍሌ ሌላው በሬ ተጠምደው ነው። ባለፈው ጥቅምት ከጣልያን ምሽግ የወጡ ወታደሮች ለሥጋ የሚሆን ከብት ከየመንደሩ መንዳት ሲጀምሩ፣ ጋሼ ክፍሌ ከሁለቱ የሰባውን፣ ዳልቻን፣ ቆላ አውርደው ለጋሼ ኑርዬ አደራ ሰጡ። ሰኔ ሳይገባ አምጥተን ልንጠምደው ነው የወረድነው።

እዚህ ላይ ልማዱን ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልናገር። የአደራ ከብት ሲሞት ጠባቂው ቆዳውን ገፎ ያስቀምጥና ባለቤቱ ሲመጣ ያቀርብለታል። ባለቤቱ መልኩን፣ ጠባሳውን፣ የጆሮውን ቅድ አይቶ «አዎን፣ የእኔ ነው፣ ሞቷል» ይላል። ቆዳ ያላቀረበ ጠባቂ ወይ ሸጦታል ወይ በልቶታል። ይህ በእኛም በቆላም፣ በክርስቲያኑም በእስላሙም ዘንድ አንድ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ስለኖርኩ፣ እስከዚያ ጉዞ ድረስ ክፉ ጎን ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የመጀመሪያው ቀን

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። አንኮበር ጉም ውስጥ ነበረች፤ ጋቢ ደርበንም ይበርደን ነበር። አህያዋ ለጋሼ ኑርዬ ቤት የምንወስደውን ባቄላ ተጭናለች። ጋሼ ክፍሌ ዳልቻን የሚስቡበት አዲስ የቃጫ ገመድ አንገታቸው ላይ ጠምጥመዋል። ራሳቸው የገመዱት ነው፤ ለካሁት፣ ሰባት ክንድ ከስንዝር ነው።

«ጋሼ ክፍሌ» አለ ጉተማ፣ «ገመዱን አንገትዎ ላይ አድርገው ሲወርዱ የሚያይዎት ሰው ጣልያን አስሮ የሚነዳዎት ነው የሚመስለው።»

«አንተን ቢያስር ነበር የሚያተርፈው» አሉ ጋሼ ክፍሌ፤ «አህያም ያገኝ ነበር፤ የምትናገር።»

ቁልቁለቱ ጉልበት ይጨርሳል። በእኛ አገር ሰው ሽቅብ ሲወጣ ነው የሚማረረው፤ እዚህ ግን መውረዱ ነው የገደለኝ። ገብሱ ቀረ፣ ጤፉ ቀረ፣ ከዚያ ማሽላ ጀመረ፤ ረፋዱ ላይ ጋቢያችን ሦስቱም አህያዋ ላይ ነበሩ። ወንዝ ስንሻገር አህያዋ ሙቀቱ አልሆንላት ብሎ ውኃው መካከል ከነጭነቷ ተኛች። ጉተማ በጅራቷ፣ እኔ በጆሮዋ ጎትተን አስነሣናት፤ ባቄላው ግን ርሷል።

አሊዩ አምባ ቤታቸው ያደርንባቸው ሴትዮ ስማቸውን ጠይቄ «እናቴ ካልከኝ ይበቃል» ስላሉኝ አልጻፍኩትም። እርጥቡን ባቄላ ሲያዩ ሳይጠየቁ ሰሌን አነጠፉ፣ ዘረገፉት፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ዶሮ እየከለከሉ አገላበጡት። የማሽላ እንጀራና ወተት አቀረቡልን። ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ ነገር ግን የፋሲካው ሃምሳ ቀን ስላላለቀ ወተቱን ያለ ሐሳብ ጠጣን። የማሽላው እንጀራ ከጤፉ ይልቅ ቶሎ ይደርቃል፤ ትኩሱን ግን ከሁለት በላይ መብላት አልቻልኩም፣ ያጠግባል።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት ጥጥ የምንገዛበትን ዋጋ ለመጠየቅ ገበያ ዞርን። ጨው፣ ጥጥ፣ በርበሬ፣ ሁሉም አለ፤ የቆዳ ተራው ግን ባዶ ነው። አንድ ሰው ብቻ አንድ የፍየል ሌጦ ይዞ ተቀምጧል፤ የሚጠጋው የለም።

«ሰው ምነው ሸሸህ?» አልኩት።

«ከየት እንዳመጣሁት ይጠይቁኛል» አለ። «ከዚሁ ከደጄ ነው ብል አያምኑኝም። ወደ ጀውሃ በኩል አባ ሰንጋ ገብቷል፤ ከዚያ የመጣ ቆዳ ማንም አይነካም።»

አባ ሰንጋ በእኛም አገር በስም ይታወቃል። ከብት ማታ ደህና ሆኖ ገብቶ ጠዋት ሞቶ ሲገኝ «አባ ሰንጋ ነው» ይባላል። ነገር ግን እኛ ዘንድ የሞተ ከብት ቆዳው ይገፈፍና ሥጋው ገደል ይጣላል፤ ጅብ ይጨርሰዋል፤ ጉዳዩ እዚያ ላይ ያልቃል። ገበያ ሙሉ ሰው አንድ የፍየል ሌጦ ሲፈራ ያየሁት ያን ቀን ነው።

የጋሼ ኑርዬ መንደር በዚያው በጀውሃ በኩል ነው። ጋሼ ክፍሌ «ዳልቻ ብርቱ በሬ ነው» አሉ፤ ለእኛ ሳይሆን ለራሳቸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ መሬት የሚያፈላ መሰለኝ። አንድ መንደር ጫፍ ላይ መንገዱ በእሾህ ቅርንጫፍ ተዘግቶ አገኘን። አጠገቡ አንዲት ባልቴት ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ።

«ከብት ትነዳላችሁ?» አሉ፣ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ።

«አህያ ብቻ ነው፣ እናቴ።»

«እሷንም ቢሆን አፏን ይዛችሁ በላይኛው መንገድ እለፉ። የታችኛው ሣር ከብት ገድሏል።»

«ሣሩ ነው የገደለው?» አልኩ።

«ሣሩ ምን ያድርግ! ከሥሩ ያለው ነው እንጂ። አባቴ ልጅ ሳሉ እዚያ ላይ ከብት አልቆ ነበር። ዝናብ ሲጀምር፣ ሣሩ አጭር ሆኖ ከብቱ ከነአፈሩ ሲነጭ፣ ያው ይነሣል።» ቀና ብለው አዩኝና «ምን ትጭራለህ ወረቀት ላይ?» አሉ።

«የሚሉትን ነው።»

«እንግዲያ አፏን ይዞ የሚሄደውን ሰው ስምም ጻፍ፤ ለቀቃት!»

እውነትም ጉተማ ለቋት አህያዋ አንገቷን ወደ ታችኛው ሣር ዘርግታ ነበር። እየሮጠ ያዛት።

ያን ምሽት የእኚሁ ሴትዮ የወንድማቸው ልጅ ቤት አደርን። በደጋ ሰው በሩን ዘግቶ እሳት ከቦ ይተኛል፤ እዚህ አልጋውን ደጅ አውጥተው ሰማይ እያዩ ይተኛሉ። ከቡና ቅጠል የተፈላ፣ ወተትና ጨው የገባበት ትኩስ ነገር ሰጡን። በዚያ ሙቀት ትኩስ ነገር ማን ይጠጣል ብዬ ነበር፤ ከጠጣሁ በኋላ ላብ አወጣኝና ቀለለኝ።

ሦስተኛው ቀን

ሸዋ ሮቢት የደረስነው ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ከተማ ሊባል የሚችለው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ብቻ ነው። መንገዱ ግን! ጣልያን ያሠራው ጥርጊያ፣ ሁለት ካሚዮን ጎን ለጎን የሚያሳልፍ፣ ከጣርማ በር ወርዶ ወደ ደሴ የሚሄድ። አሥራ አንድ ካሚዮን ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለተኛው አቧራ ውስጥ ስለነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

ያረፍንበት ቆርቆሮ ቤት ባለቤት እትዬ አስካለ የደብረ ብርሃን ሴት ናቸው። ደጋ ሰዎች መሆናችንን ሲያውቁ የገብስ ቆሎ ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ አንድ ሳህን አቀረቡልንና አጠገባችን ተቀምጠው ስለ ብርድ ጠየቁን። «አሁንም ጠዋት ጠዋት ውርጭ ይጥላል?» አሉ፣ ስለ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው።

ከቤታቸው ጀርባ የመንገድ ሠራተኞቹ ካምፕ ነበር፤ ከካምፑ አጠገብ ለሥጋ የተገዙ በሬዎች የሚታጎሩበት በረት አለ። ጋሼ ክፍሌ ከምግቡ ተነሥተው ሄዱ። ስከተላቸው የበረቱን አጥር ይዘው ቆመዋል። በሬዎቹን አንድ በአንድ፣ ከቀንድ እስከ ጅራት ያያሉ።

«ምን ፈልገው ነው፣ ጋሼ?»

«ምንም። ዝም ብዬ እያየሁ ነው።»

ዳልቻ የሚመስል አንድ በሬ ነበር። ዞር ሲል ጆሮው ሙሉ ሆኖ አገኘነው፤ የዳልቻ የተቀደደ ነው። ጋሼ ክፍሌ ትንፋሻቸውን ለቀቁት። ተመልሰን ስንቀመጥ እትዬ አስካለን ጠየቋቸው፦

«እነዚህ በሬዎች ከየት ነው የሚመጡት?»

«ከየትም፣ ጌታዬ። ከራሳ፣ ከጀውሃ በኩል። ሰዉ ከሚወሰድብኝ ልሽጠው እያለ ነው የሚያመጣው። ጠዋት ይገዛሉ፣ ማታ ድስት ውስጥ ናቸው።»

ጋሼ ክፍሌ ከዚያ በኋላ ቆሎውን አልነኩም።

አራተኛው ቀን

የጋሼ ኑርዬ መንደር ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ ሲኬድ፣ ከመንገዱ ወደ ቀኝ ገባ ብሎ ነው። ስንደርስ ጋሼ ኑርዬ ከግቢያቸው ወጥተው መንገድ ላይ ተቀበሉን። ረጅም ቀጭን ሰው ናቸው። ከጋሼ ክፍሌ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ሰብል፣ ስለ ጣልያን ተጠያየቁ። ስለ በሬው ማንም ምንም አላለም። እትዬ ዘሀራ ውኃ አምጥተው እግራችንን አስታጠቡን፣ እርጎ በቅል አቀረቡ። ጋሼ ክፍሌ ገመዱን ከአንገታቸው አውርደው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ጋሼ ኑርዬ ገመዱን አዩ።

«ክፍሌ፣ ዳልቻ የለም» አሉ። «ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው።»

«ምን ሆነ?»

«አባ ሰንጋ።»

«ቆዳውስ?»

«የለም።»

«ቀንዱስ?»

«ከነቀንዱ ነው የቀበርነው። አልገፈፍነውም።»

«ገመዱ እንኳ?»

«አቃጠልነው። የታሰረበትንም ጉቶ አቃጠልነው።»

የጋሼ ክፍሌ ፊት ሲለወጥ አየሁ። «ኑርዬ፣ ቆዳ የለ፣ ቀንድ የለ፣ ገመድ የለ። በላይነሽ ዘንድ ምኑን ይዤ ልግባ? አራት ልጅ ይዛ ሰኔን ትጠብቃለች። ዳልቻ ሞተ ብላት ‹አሳየኝ› ትለኛለች። እኔስ ብሆን . . .» አቆሙ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሮቢት ላይ ሥጋ በሬ እንደሚገዙ አይቻለሁ» አሉ።

ጉተማ እንኳ ቀልድ አጣ።

«እንግዲህ አደራ በላ አልከኝ» አሉ ጋሼ ኑርዬ።

«አላልኩም።»

«አላልክም። ግን ጀምረኸዋል።»

እትዬ ዘሀራ ከጓዳ ወጡ። «በልተነው ቢሆን ኖሮ፣ ጋሼ ክፍሌ፣ ይኼኔ እኛን ነበር የምትጠይቁት፤ መቃብራችንን!» አሉ። «በሬው ሲንቀጠቀጥ ጎረቤት ሁሉ ቢላ ይዞ መጣ። ‹በክት ሳይሆን ቢስሚላህ በልበት፣ ለመንደሩ ይበቃል› እያሉ ለመኑት። እሱ ደጁ ላይ ቆሞ ከለከላቸው። የተቀየሙት እስከ ዛሬ ሰላም አይሉንም። ከላይ ደግሞ እናንተ መጣችሁ!»

«ዘሀራ፣ ተይ» አሉ ጋሼ ኑርዬ።

«አልተውም! ጥጃዬም አብሮ ሄዷል። የእሱን ቆዳ ማን ጠየቀኝ?»

ጋሼ ክፍሌ እርጎውን ሳይቀምሱ ቅሉን መለሱ። በእኛ አገር ይህ ትልቅ ስድብ ነው፤ እዚያም ያው መሆኑን ከእትዬ ዘሀራ ፊት አወቅሁ። ቢሆንም መኝታችንን አነጠፉልን፣ ለአህያዋም አገዳ ጣሉላት። ባቄላውን ሲያዩ «ይኼ ረጥቦ የደረቀ ነው፤ ዛሬውኑ ይቀቀል» ብለው ቀቀሉት። እኔና ጉተማ በላን፤ አፍሬ ነበር፣ ግን ርቦኝም ነበር።

አምስተኛው ቀን

ጠዋት ጋሼ ክፍሌ ተነሥተው ገመዱን እንደገና አንገታቸው ላይ ጠመጠሙና «ቦታውን አሳየኝ» አሉ። ወደ ደጅ ሲወጡ ግድግዳው ላይ የቆመውን ዶማ አነሡ። ጋሼ ኑርዬ ዶማውን አዩ፣ ምንም አላሉም፤ እትዬ ዘሀራ ግን ወደ ጎረቤት ሮጡ። ኋላ እንደተረዳሁት የሄዱት ሼህ ሙሄን ሊጠሩ ነው።

ቦታው ከመንደሩ ወጣ ብሎ፣ ከብት ከማይሰማራበት ድንጋያማ ጥግ ላይ ነው። እያየሁ ጻፍኩ። ጉድጓዱ የነበረበት በእርምጃ አራት በሦስት ይሆናል። ላዩ ላይ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ የድንጋይ ክምር አለ። ክምሩ ዙሪያውን በእሾህ ታጥሯል፤ እሾሁ አንድ ረድፍ ሳይሆን ሦስት ረድፍ ነው። ከአጥሩ ውጭ መሬቱ በእሳት ተቃጥሎ ጠቁሯል።

ጋሼ ኑርዬን ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ጠየቅኳቸው፤ ጋሼ ክፍሌ ቆመው እያዩ ስለነበር ለመናገርም ደስ ያላቸው መሰለኝ።

«ድንጋዩ ለጅብና ለውሻ ነው። ጅብ ካወጣው አጥንቱን በየሜዳው ይዘራዋል፤ አጥንቱ የወደቀበት ሁሉ ኋላ ከብት ይገድላል። እሾሁ ለከብት ነው። እሳቱ ደሙ ለፈሰሰበት ነው። በአፍንጫው ጥቁር ደም ወርዶ ነበር፣ ቀጭን፣ የማይረጋ። ሲሞት ሆዱ ወዲያው ተነፋ። እነዚህን ምልክቶች ስታይ ቢላ አታወጣም።»

«ጎትታችሁ ነው ያመጣችሁት?»

«አልጎተትነውም፤ ደሙ መንገድ ላይ እንዳይንጠባጠብ ብለን ቅጠል በአፍንጫውና በኋላው ወትፈን፣ በወሳንሳ ተሸክመን ነው። እጃችንን በአመድ ታጠብን። ሌሎቹን ከብቶች ወደ ተራራው ሥር አወጣናቸው፤ እስካሁን እዚያ ናቸው።»

«ማን አስተማራችሁ?»

«የሞቱት» አሉ።

በዚህ መካከል ጋሼ ክፍሌ እሾሁን በዶማው ገፋ አድርገው አንድ እግራቸውን አስገቡ። «ቆዳውን አልፈልግም» አሉ። «ጆሮውን ብቻ ልየው። ጆሮውን አይቼ መልሼ እሸፍነዋለሁ።»

«ክፍሌ፣ በአላህ!»

«አንተ በላይነሽን አታውቃትም።»

የመጀመሪያውን ድንጋይ አንሥተው ወረወሩ። ሁለተኛውን ሲያነሡ ሼህ ሙሄ ከእትዬ ዘሀራ ጋር ደረሱ። ሽማግሌ ናቸው፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ሰላምታ ሳያስቀድሙ ቀጥ ብለው ወደ አጥሩ ሄዱና የቀኝ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ።

«ወንድሜ፣ ና ይህን እይ።»

ጋሼ ክፍሌ ድንጋዩን እንደያዙ ዞሩ። እኔም ተጠጋሁ። ክንዳቸው ላይ፣ ከእጅ አንጓቸው አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ የጎደጎደ ጠባሳ አለ፤ ስፋቱ እንደ ጠገራ ብር ነው። ቆዳው እንደ ጨርቅ ተጨማዷል።

«ከደብረ ሲና የመጣ አደራ ነበር» አሉ ሼህ ሙሄ። «ቀይ በሬ። ይኸው በሽታ ገደለው። ምልክቱን አውቀዋለሁ፤ አባቴ አሳይተውኛል። ግን የሰው አደራ ነው፣ ሌባ ልባል ነው ብዬ ገፈፍኩት። ታናሽ ወንድሜ አህመድ እግሩን ይዞልኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን እዚህ ላይ እንደ ትንኝ ንክሻ አሳከከኝ። ከዚያ መሐሉ እንደ ከሰል ጠቆረ፣ ዙሪያው አበጠ። አያምም፤ ክፋቱ እሱ ነው፣ ካላመመኝ ምንም አይደለም ትላለህ። የእኔ ክንዴ ላይ ወጣ፣ ዳንኩ። የአህመድ አንገቱ ላይ ወጣ።»

እጅጌያቸውን ወደ ታች መለሱ።

«ባለ በሬው በወሩ መጣ። ቆዳውን ዘረጋሁለት። አገላብጦ አየና ‹የእኔ ነው፣ አመንኩህ› አለኝ። እኔም አልሐምዱሊላህ፣ ስሜ ተረፈ አልኩ። አህመድ ከተቀበረ ሃያ ቀኑ ነበር።»

ጋሼ ክፍሌ ድንጋዩን አልጣሉም፣ አላስቀመጡም። «ቆዳውን ምን አደረገው? ሰውዬው» አሉ።

«ይዞት ሄደ። ቁርበት አደርገዋለሁ ብሏል፤ ልጆች ነበሩት። ከዚያ ወዲያ አልሰማሁም።»

በእኛ ቤት ልጆች ቁርበት ላይ ነው የሚተኙት። የእትዬ በላይነሽ አራቱም አንድ ቁርበት ላይ ነው የሚተኙት፤ አርጅቶ ጠርዙ ተበልቷል፣ በአዲስ ልለውጠው እያሉ ነበር። ጋሼ ክፍሌ ይህን ማሰባቸውን በምን አወቅህ ብትሉኝ፣ እኔም ያሰብኩት ስለሆነ ነው የምላችሁ።

ጉተማ ለሼህ ሙሄ ጥያቄ ነበረው። «የጣልያን የከብት ሐኪም በዚህ በኩል አልፎ ነበር ይባላል፤ ከብት መርፌ የሚወጋ። አላስወጋችሁም?»

«መጥቶ ነበር። ሰዉ ሁሉ ከብቱን ገደል ሰደደ፤ ሊቆጥር ነው፣ ኋላ ሊወስድ ነው ብሎ። እኔም ሰድጃለሁ» አሉ ሼህ ሙሄ። «መድኃኒት ይሁን አይሁን በምን ልወቅ? ባለፈው ወር ከብት ሲነዳ ያየሁት ሰው ነበር አብሮት የመጣው። ዱዓ አደረግን፣ ድንጋይ ከመርን። የምናውቀው ይህን ነው።»

እኛ ስንነጋገር ጋሼ ክፍሌ ከአጥሩ ውስጥ ነበሩ። ዶማውን ወደ ውጭ አቀበሉኝና «እዚያ ወስደህ በእሳት ለብልበው፣ አንተም እጅህን በአመድ ታጠብ» አሉኝ። ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቀን ከጉተማ ጋር እሳት አነደድን። ከዚያ ሆኜ ያየሁት ይህን ነው። የወረወሩትን ድንጋይ ፈልገው መለሱት። በእጃቸው ያለውን ከላዩ አስቀመጡ። ጎንበስ እንዳሉ የሆነ ነገር ተናገሩ። ጋሼ ኑርዬ ከአጥሩ ማዶ ቆመው ነበር፤ እሳቸውም መለሱ። እሾሁንም ሁለቱ በአንድነት መለሱት። በመጨረሻ ጋሼ ክፍሌ አዲሱን የቃጫ ገመድ ከአንገታቸው አወጡና ለጋሼ ኑርዬ ሰጡ።

ያን ዕለት ለምሳ እትዬ ዘሀራ ድጋሚ እርጎ አቀረቡ። ጋሼ ክፍሌ ቅሉን እስከ ታች ጨረሱት። «ሌላ አለ?» አሉ። እትዬ ዘሀራ «ትናንት የመለሱት አለ፤ ኮምጥጧል» አሏቸው፤ ሁላችንም ሳቅን፣ ጋሼ ክፍሌም ሳቁ።

ስድስተኛው ቀን

ስንመለስ ሸዋ ሮቢት ድልድዩ ላይ አንድ ባንዳ አስቆመን። ጣልያኑ አለቃው ጥላ ሥር ተኝቶ ነበር። የይለፍ ወረቀታችን ሙሉ ነው፤ ነገር ግን ከብብቴ ደብተሬን አገኘው።

«ምንድን ነው የምትጽፈው?»

«ስለ በሬ ነው።»

«ስለ በሬ ይህን ሁሉ? የሽፍታ ደብዳቤ ነው!»

«አንብበው።»

ማንበብ አይችልም ነበር። ገጾቹን አገላበጠ፤ ወረቀቱን በጣቱ ሲዳስስ ነገሩ ገባኝ፣ ለትንባሆ ይስማማል። የመጨረሻዎቹን አራት ወረቀቶች ቀደደና ደብተሩን ወረወረልኝ። አራቱ ወረቀቶች የአምስተኛው ቀን ነበሩ። ስለ መቃብሩ የለካሁት፣ ሼህ ሙሄ የተናገሩት፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ከላይ ያነበባችሁት እንግዲህ በቃሌ የያዝኩት ነው።

ጉተማ ከድልድዩ ከራቅን በኋላ «አይዞህ፣ ዳልቻን ያጨሰዋል» አለኝ። ሳቄ መጣ፣ ግን በጣም ነበር የተናደድኩት።

ስምንተኛው ቀን

ሰባተኛውን ቀን ያደርነው እኚያው ስማቸውን ያልነገሩኝ የአሊዩ አምባ ሴትዮ ዘንድ ነው፤ ባቄላው ደህና መድረሱን ጠየቁ። በማግስቱ አቀበቱን ወጥተን አንኮበር ስንደርስ ዝናብ ያካፋ ነበር። ጋቢያችንን መልሰን ለበስን።

እትዬ በላይነሽ ደጃቸው ላይ ቆመው መንገዱን ያያሉ። ጋሼ ክፍሌን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አህያዋን አዩ፣ ከአህያዋ ኋላ ያለውን ባዶ መንገድ አዩ።

«የት አለ?»

«ሞተ። አባ ሰንጋ ገደለው።»

«ቆዳውስ?»

«አልተገፈፈም። እኔም እንዲገፈፍ አልፈለግሁም።»

እትዬ በላይነሽ ደም ሥራቸው ተነሣ። «ክፍሌ፣ እኔን ሴት ናት ብለህ ነው? ሰውዬው ሸጦ በልቶ ‹ሞተ› ሲልህ አሜን ብለህ መጣህ?» አሉ። ከዚያ የጋሼ ክፍሌን አንገት ሲያዩ አንድ ነገር ጎደላቸው። «ገመዱስ? አዲሱ ገመድ የት አለ?»

«እዚያው ተውኩት።»

«ለማን?»

«ለኑርዬ። መስከረም ሲጠባ ጊደሬን አደራ እሰድለታለሁ፤ የሚያስርበት ይፈልጋል።»

እትዬ በላይነሽ ወንድማቸውን ለረጅም ጊዜ አዩ። ጋሼ ክፍሌ አንድ ክንድ ጠፍር እንኳ ለማንም የማይተው ሰው ናቸው፤ ይህን ከሁላችንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። «ግቡ፣ ዝናብ ነው» አሉ። በዚያ ክረምት የጋሼ ክፍሌ ቀሪ በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር ተቀናጅቶ ሁለት ቀን ለእኛ፣ ሁለት ቀን ለጎረቤት እያረሰ የእትዬ በላይነሽ መሬት ዘግይቶም ቢሆን ተዘራ። ቁርበቱ አልተለወጠም።

ይህን የጻፍኩት ቆዳውን ለጠየቁ ሌሎች ዘመዶቻችን ነው፤ ሌላ የሚዘረጋ ነገር የለንም። ስለዚህ እዚያ የነበራችሁ ሁሉ ተመልከቱልኝ። ጉተማ የእሾሁ ረድፍ ሁለት ነበር ይላል፣ እኔ ሦስት ነው የምለው። የዳልቻ ጆሮ የተቀደደው ግራው ይመስለኝ ነበር፤ እትዬ በላይነሽ ቀኙ ነው ብለውኛል። ሼህ ሙሄ የወንድማቸውን ዕድሜ ነግረውኝ ነበር፣ ከአራቱ ወረቀቶች ጋር ሄዷል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ጋሼ ክፍሌ ድንጋዩን ሲያስቀምጡ ያሉትንና ጋሼ ኑርዬ የመለሱትን እኔ ከሩቅ ሆኜ አልሰማሁም። ሁለቱንም ጠየቅኳቸው፤ ሁለቱም «ምንም አላልንም» አሉኝ። እትዬ ዘሀራ ቅርብ ነበሩ። እሳቸው የሰሙትን ለማንም ጸሐፊ ቢነግሩልኝ፣ ከዚህ በታች ባዶ ቦታ ትቻለሁ።